ደርበው ኮከቡን ሊያስቆጥር የመጣ ዕለት

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማወራ ሰው አይደለሁም፣ የሚያወራውንም አላምንም ነበር፣ ጎረቤታችን «ከርብ ወንዝ ማዶ አንድ ነገር ስሜን ጠራኝ» ሲል ነፋሱ በየት በኩል ይነፍስ ነበር ብዬ የምጠይቅ፣ በዚህ ጠባዬም «አንተ ልጅ ጨዋታ ትገድላለህ» እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ። አሁንም ቢሆን ዛር ነው ቡዳ ነው አልልም። የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው፣ ያየሁትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱን የሚያገኝለት ካለ ደግሞ ይንገረኝ፣ እመኑኝ፣ ከልቤ ነው የምለምነው።

ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት ነው፣ ጅብ ይጮኻል፣ ጨረቃ ትደበቃለች። የእኔው ግን በቀን ነው የሆነው፣ ደመናው አጠቆረው እንጂ ፀሐይ ገና በጣና በኩል አልጠለቀችም ነበር፣ የወረታ ባጃጆችም መብራታቸውን አላበሩም።

የምሠራው ወረታ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው፣ ገበሬው ሩዙን በጆንያ ያመጣል፣ እኔ ማሽኑ ውስጥ እጨምርለታለሁ፣ ነጭ አድርጌ እመልስለታለሁ። ከሥራው ውጭ ያለኝ ሱስ ኮከብ ነው። ማንም አላስተማረኝም፣ በስልኬ አንድ ቀን ያነበብኩት ነገር ሌላውን እየሳበ፣ ሌላው ሌላውን እየሳበ፣ በመጨረሻ ማዕዘኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቼ ጠፈር ላይ የተሰቀሉ ቴሌስኮፖች የሚያወርዱትን መረጃ መጎልጎል ጀመርኩ። ይህ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፣ ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ኔትወርክ ያለው ሰው ሁሉ ሊያወርደው ይችላል። ቴሌስኮፖቹ ለምን ጠፈር ላይ ተሰቀሉ ብትሉ፣ ኤክስሬይና አልትራቫዮሌት የሚባሉት የብርሃን ዓይነቶች አየሩን አልፈው እኛ ዘንድ ስለማይደርሱ ነው፣ እግዜር አየሩን እንደ ጣሪያ ባያደርግልን ኖሮ ያቃጥሉን ነበር።

መጀመሪያ የያዙኝ ኳዛር የሚባሉት ናቸው። በአንድ ጋላክሲ እምብርት ላይ የተቀመጠ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ እየጎተተ ሲውጥ፣ ጋዙ ከመዋጡ በፊት ተፋጭቶ ግሎ የሚያወጣው ብርሃን ነው ኳዛር፣ የታራጅ ጩኸት በሉት። ቀጥሎ መንታ ኮከቦች መጡ። እነዚህ ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን ሲዞር የሚኖሩ ናቸው፣ ከመንታዎቹም እኔን የያዙኝ አንደኛው ሞቶ ሌላው በሕይወት ያለባቸው ናቸው። የሞተው ሬሳ ትንሽ ነው፣ አንዱን ጫፉን ወረታ ላይ ብታደርጉት ሌላው ሐሙሲት አይደርስም፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል፣ በዚህ ክብደቱም የሕያው ወንድሙን ሥጋ እየገፈፈ ይበላል። ሲበላ በኤክስሬይ ይፈነዳል፣ ፍንዳታው ሄዶ የሕያውን ፊት ይመታዋል፣ ትንሽ ቆይቶም የተመታው ፊት ግሎ በአልትራቫዮሌት ያበራል። ማለት አንደኛው ላይ የሆነው ነገር ዘግየት ብሎ ሌላው ፊት ላይ ይታያል። ይህን ያዙልኝ።

ቴሌስኮፑ የሚደርሰውን ኤክስሬይ አንድ በአንድ ነው የሚቆጥረው፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ቀየርኩት። ኃይላቸውን ከላፕቶፑ የሚወስዱ ሁለት ትንንሽ ስፒከር አሉኝ፣ በግራው ኤክስሬዩ እንደ ሽምብራ ቆሎ ይንጣጣል፣ በቀኙ አልትራቫዮሌቱ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ግራው ሲፈነዳ፣ ቆየት ብሎ ቀኙ ከፍ ይላል። ማሽኑ ሲቆም ይህንን እያዳመጥኩ ነው የምውለው። የቤቱ ጌታ ጋሽ ዋሴ አንድ ቀን አብረውኝ ቆመው ሰሙና «ኤክስሬይ ከሆነስ፣ ስብራቱ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ፣ ሩዝ ሊያስፈለፍል የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጣጣው የመጣው ከቃል ነው። ምን ትሠራለህ ሲሉኝ እኔ እውነቱን «ኮከብ እቆጥራለሁ» አልኩ። የኮከቡን ብርሃን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ምን ልበል? በእኛ አገር ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ስምህንና የእናትህን ስም ደምሮ፣ በዐሥራ ሁለት ገድፎ፣ ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ የሚናገር ነው። ከዚያ በኋላ ልጃቸውን የሚድሩ እናቶች «የልጅቷ ኮከብ ከልጄ ይገጥማል ወይ?» እያሉ መፈልፈያው ደጃፍ መጡ። «እትዬ፣ የእኔ ቆጠራ እንዲያ አይደለም» ስል «አየህ፣ ያወቀ ሰው እንዲህ ይደብቃል» ይባባሉ ነበር።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ታላቅ እህቴ ዘርፌ ያገባችው ፎገራ ሜዳው ላይ፣ ርብ ዳር ያለ ስጦታው የሚባል ገበሬ ነው፣ እኔ አያ ስጦታው ነው የምለው። መንታ ወንድም አለው። እናታቸው አንዱን ወልዳ ስጦታው ብላ ሳትጨርስ ሌላው መጣ፣ አዋላጇ «አምላክ ደረበልሽ» ስትላት ደርበው ተባለ። መልካቸው አንድ ነው፣ አካሄዳቸው አንድ ነው፣ ከሩቅ ሲመጡ የገዛ ሚስቶቻቸው ይሳሳቱ ነበር። እርሻቸው የተያያዘ ነው። ባለፈው ክረምት ርብ ሞልቶ ወጣና ድንበሩን በደለል ሸፈነው፣ ውኃው ሲሸሽ ሜዳው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። አንዱ ድንበሩ እዚህ ነው አለ፣ ሌላው እዚያ ነው አለ። ደርበው የስጦታውን በሬ ቋንጃ በመጥረቢያ ቆረጠ፣ በሬው በፊት እግሩ እየዳኸ ደጃፍ ድረስ መጣ፣ እህቴ ናት ያየችው። ስጦታው የደርበውን የገለባ ክምር አቃጠለ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። ደርበው በሽማግሌ ፊት ቆሞ «ከሁለት አንዳችን ትርፍ ነን፣ እናታችን አንድ ብቻ ነበር መውለድ ያለባት» አለ። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏ ሲወጣ እስኪመለስ ድረስ እህል አይወርድላትም ነበር።

ያን ዕለት ሐሙስ ነበር፣ ስጦታው ጊደር ሊሸጥ ሐሙሲት ገበያ ሄዷል። መብራት ጠፋ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ጋሽ ዋሴ ዝናብ ሳይመጣ ልግባ ብለው ሄዱ። እኔ ላፕቶፑ ላይ የቀረችውን ባትሪ ይዤ፣ አዲስ ያወረድኩትን የአንድ መንታ ኮከብ መረጃ ከፍቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። በዚህ መሐል ከደጅ የደርበው ድምፅ ተሰማኝ፣ ባለ ሱቁን ጮክ ብሎ «እንደምን ዋልክ! እኔ ደርበው ነኝ፣ ስጦታው እንዳልመስልህ!» ይላል፣ ጠላ ሻጯንም በስሟ ጠርቶ እንዲሁ ይላታል። ገርሞኝ ነበር፣ ደርበው ሰላምታ የሚሰስት ሰው ነው።

ገባ። ሽመሉን ይዟል፣ አዲስ ጃኬት ለብሷል። በቀኙ ስፒከር አጠገብ ያለው የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«አያ ደርበው፣ በደኅና?»

«ኮከቤን ላስቆጥር ነው የመጣሁ።»

«እኔ እኮ እንዲያ ያለውን አልቆጥርም፣ ስንቴ ልናገር?»

«ለሴቶቹ ነው እንዲህ የምትል። እስቲ ይህን መልስልኝ፣ መንታ የሆነ ሰው ኮከቡ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የእናቱ ስም አንድ፣ የተወለደበት ቀን አንድ። መሪጌታም ሳይመልሱልኝ ቀርተዋል።»

ዝም ብዬ ልሸኘው አሰብኩ፣ ግን ስለ ኮከብ የጠየቀኝን ሰው ሳልመልስለት አልችልም፣ ይህ ድካሜ ነው። «ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል» አልኩት፣ «ሲቆጠር ግን ሁለት ነው። ይኸው፣ ይህ የሚንጣጣው አንዱ ነው፣ አንተ አጠገብ የሚያጉረመርመው ሌላው። አንዱ ሌላውን ይበላዋል።»

ፊቱ በራ። «የቱ ነው የሚበላው?»

«የሞተው።»

«ሂድ አንተ! የሞተ እንዴት ይበላል?» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ተቆረጠ። ስልኩን አውጥቶ ያያል፣ ደጁን ያያል። «አሁን ስንት ሰዓት ነው? ጮክ ብለህ ንገረኝ» አለኝ፣ ነገርኩት። ወዲያው ስልኩ ጠራ። አንስቶ «ወረደ? ብቻውን ነው? በሉ» አለና ዘጋው። ከዚያ ተነሥቶ የበሩን መወርወሪያ ከውስጥ ቀረቀረው።

ያን ጊዜ ነገሩ ተገጣጠመልኝ። ሐሙስ ነው፣ ስጦታው ከሐሙሲት መኪና ይወርዳል፣ ወደ መንደራቸው የሚያስገባው የእግር መንገድ በትንሿ ድልድይ ነው የሚያልፈው።

«አያ ደርበው፣ ማን ነው የወረደው?»

«አንተ ቁጠር።»

«ድልድዩ ላይ ማን ነው የሚጠብቀው?»

«የሚስቴ ወንድሞች ናቸው፣ ሁለቱም» አለ፣ እንደ ተራ ወሬ። «እኔ እዚህ ነኝ። ሰው ሁሉ አይቶኛል። አንተ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነህ፣ ካንተ የበለጠ የሚታመን ምስክር ከየት ይመጣል? ደርበው ኮከቡን ሲያስቆጥር ዋለ ትላለህ፣ ውሸት አላስጨመርኩህም።»

ወደ በሩ ሮጥኩ። መወርወሪያውን ሳልነካው ሽመሉ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ አጥንቴ ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁት፣ ገለባው ላይ ተደፋሁ። «ሁለተኛው ጭንቅላትህ ላይ ነው» አለኝ፣ ተመልሶም ጆንያው ላይ ተቀመጠ። እህቴን አሰብኳት፣ ደጃፍ ላይ ቆማ መንገዱን የምታየውን። ልጮህ አልኩ፣ አየር አጣሁ።

በዚህ ጊዜ ነው የግራው ስፒከር ድምፁን የለወጠው። መንጣጣቱ ቆመ። ዝም አለ። ከዚያ «ዷ» አለ፣ አንድ ጊዜ፣ ወፍራም፣ እርጥብ ጆንያ በዱላ እንደሚመታ። ጣሪያው ላይ በረዶ የጣለ መስሎኝ ቀና አልኩ፣ ዝናቡ ገና አልጀመረም። ዓይኔን ስመልስ የደርበው ራስ ወደ ጎን ተወርውሮ ተመለሰ፣ በጥፊ እንደተመታ ሰው። ከጆሮው ደም ወረደ።

«ምን አደረግከኝ?» አለኝ።

እኔ በሩ ሥር ተደፍቼ ነው፣ መካከላችን ማሽኑ አለ።

«ዷ» አለ ግራው። ዘግየት ብሎ ከጃኬቱ ጀርባ ላይ አቧራ ቦነነ፣ ምንጣፍ ሲመታ እንደሚቦነው፣ እሱም በግንባሩ ተደፋ። የመታው ነገር የለም። ሳልጨምር ነው የምነግራችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ብርሃን ነበር፣ በመስኮቱ የሚገባው ለማየት ይበቃል፣ ከላዩ፣ ከኋላው፣ ከጎኑ ምንም አልነበረም። ሁልጊዜ ድምፁ ይቀድማል፣ ሥጋው ይከተላል። ተነሥቶ በሽመሉ አየሩን መማታት ጀመረ፣ ማሽኑን መታ፣ ጆንያውን መታ፣ ጆንያው ተቀዶ ሩዙ ፈሰሰ። «ዷ» ሲል ክንዱን ፊቱ ላይ ጋረደ፣ ክንዱም አየር ላይ እንዳለ ከመካከሉ ታጠፈ፣ ክርን በሌለበት ቦታ። የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር።

በደረቴ እየተሳብኩ ሄጄ የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩት። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ አላውቅም፣ ገጹ ጥቁር ነበር። ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ ግራው ስፒከር መሬት ወድቋል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ እንደዚያም ሆኖ «ዷ» አለ። የደርበው ጉንጭ ተሰንጥቆ ጥርሱ ታየ።

ያን ጊዜ ገባው። ከእኔ ቀድሞ ነው የገባው። «ስልኩን!» አለ፣ አፉ ደም ሞልቶ ነው፣ «ደውልላቸው! ተዉት በላቸው! ስጦቴን ተዉት በላቸው!»

ስልኩ ከኪሱ ወጥቶ የፈሰሰው ሩዝ ውስጥ ገብቷል፣ በአንድ እጄ ሩዙን እየዛቅኩ ፈለግኩ፣ ነጩ ሩዝ እጄ ሥር እየቀላ ነበር። አገኘሁት። ጣቴ በደም ስለራሰ ስልኩ አልታዘዝ አለኝ፣ ሱሪዬ ላይ ጠርጌ መጨረሻ የደወለውን ቁጥር ነካሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። «ዷ።» እንደገና ደወልኩ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ትከሻዬን የሰበረኝ ሰው ነው፣ ግን ሰው ዓይናችሁ እያየ ሲሰበር ቆማችሁ አታዩም፣ ሄጄ በላዩ ላይ ተኛሁበት፣ የሚመታው ነገር ካለ እኔን ያግኝ ብዬ። አላገኘኝም። ድምፁ ተሰማ፣ እኔን ምንም ሳይነካኝ ከደረቴ ሥር የደርበው ጎድን ሲሰበር ተሰማኝ፣ ደረቅ እንጨት እንደምትረግጡት። በእኔ በኩል አልፎ ነው የመታው፣ ወይም በእኔ በኩል አልመጣም። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ ደረቴን እዳስሳለሁ።

ስልኩ ተነሣ። መጀመሪያ የሰማሁት ማለክለክ ነው፣ ከዚያ ሩቅ «ዷ» የሚል ድምፅ፣ መሬት ላይ የወደቀው ስፒከርም በዚያው ቅጽበት «ዷ» አለ።

«አይሞትም!» ይላል በስልኩ ያለው ሰው፣ ሊያለቅስ የደረሰ ድምፅ ነው፣ «ደርበው፣ ይሄ ሰውዬ አይሞትም! ቆሞ ያየናል!»

«ተዉት!» አልኩ፣ «ደርበው ነው ተዉት ያለው! ደርበውን ነው የምትገድሉት! በማርያም፣ ተዉት!»

ስልኩ ተቋረጠ። ስፒከሩም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ዝናቡ የወረደው።

ሰዎች በሩን ገንጥለው ሲገቡ ያዩትን አስቡት። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ አንዱ ተሰባብሮ ደም ውስጥ ተኝቷል፣ ሌላው በላዩ ላይ ነው፣ እሱም የጠላቱ ሚስት ወንድም። ባለ ሱቁ ፀጉሬን ይዞ ጎተተኝ፣ አንዱ በርግጫ አለኝ፣ ጠላ ሻጯ «ገደለው! ኮከብ ቆጥሮ ሲያበቃ ገደለው!» ብላ ትጮኻለች። ደርበው ያልተሰበረውን እጁን አንሥቶ «እሱ አይደለም» አለ።

«ማን ነው ታዲያ?» አለው ባለ ሱቁ።

የሚስቱን ወንድሞች ስም ጠራ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ እነሱን ያየ አልነበረም።

ይህ እየተባለ ነው ስጦታው በዝናቡ ውስጥ የመጣው። እየሮጠ አልነበረም፣ እየተራመደ ነው። ጋቢው ተቦጫጭቋል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በዱላ ብዛት ተበጣጥሶ በክር ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ የሚታየው ቆዳ ግን ጭረት የለበትም፣ አላበጠም፣ አልቀላም። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ወንድሙ አጠገብ ቁጢጥ አለና ቁስሉን አየ።

«መቱኝ» አለ ለእኛ፣ ጸጥ ባለ ድምፅ፣ «ዱላው ሲያርፍ እሰማለሁ። እኔ ግን የለሁበትም። የሌላ ሰው ጆንያ የሚደበድቡ ነው የመሰለኝ። ፈርተው ዱላቸውን ጥለው ሮጡ።» ከዚያ ጣቱን ዘረጋና የደርበውን ጆሮ ነካ። «መጀመሪያ እዚህ ነበር» አለ። የታጠፈውን ክንድ ነካ። «ከዚያ እዚህ።» ጎድኑን ጫን አለው። «እዚህ የመታኝ ታናሽየው ነው።» ደርበው በነካው ቁጥር ይጮኻል፣ ስጦታውም በጮኸ ቁጥር ራሱን ያዘነብላል፣ ከሩቅ የሚመጣ ዘፈን እንደሚያዳምጥ ሰው።

ደርበው ሐኪም ቤት ከርሞ ዳነ፣ መዳን ከተባለ፣ አንድ ዓይኑ አያይም፣ ክንዱ ጠማማ ነው። የሚስቱ ወንድሞች ራሳቸው ሄደው እጃቸውን ሰጡ፣ ማንን እንደደበደቡ ሲጠየቁ ስጦታውን ነው ይላሉ፣ ስጦታው ላይ ቁስል የለም፣ ደርበውን አልደበደብንም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። መርማሪው እኔን ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ እንደነገርኳችሁ ነገርኩት፣ ጽፎ ጽፎ ብዕሩን አስቀመጠና «አሁን ይህን እኔ ማን ፊት ላቅርበው?» አለኝ። መረጃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሜ ከፈትኩት፣ ያው መንጣጣት፣ ያው ማጉረምረም ነው፣ ዝምታም «ዷ»ም የለበትም። ስፒከሩን ፈታታሁት፣ ሽቦና ወረቀት ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ደርበው ድንጋይ ተሸክሞ ወንድሙ እግር ላይ ወደቀ፣ ድንበሩን ስጦታው ባለው ቦታ ተወለት። ስጦታው «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ማለ። ታረቁ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። እህቴ እፎይ አለች ብዬ ነበር።

አንድ ቀን መፈልፈያው ድረስ መጣችና ከማሽኑ ኋላ ወስዳ «ባሌ አይሰማውም» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው እታለም?»

«የጋለ ድስት በባዶ እጁ አነሣ፣ እጁ ላይ ምንም የለም። እሾህ ረግጦ ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ሙሉ፣ የደርበው ሚስት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ እየመጣች ደጃፌ ላይ ትወድቃለች፣ ‹በእመቤቴ፣ ባልሽን እሳት ዳር አታስቀምጪው፣ ባሌ ሲቃጠል አደረ› ትለኛለች። መጀመሪያ ስጦታው ይጠነቀቅላቸው ነበር።»

«አሁንስ?»

ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ማሽኑን ታያለች።

ሩዙ ሲደርስ አጨዳ ላግዛቸው ወረድኩ፣ ትከሻዬ ገና ስላልዳነ ነዶ ማሰር ብቻ ነበር የምችለው። ሜዳው እስከ ዓይን ጥግ ቢጫ ነው። ከስጦታው ማሳ ማዶ ደርበው በደኅናው እጁ ከሚስቱ ጋር ያጭዳል፣ ጠማማው ክንድ እንደ ተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥሏል። ስጦታው አርፎ ማጭዱን በድንጋይ እየሳለ ነበር፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አንተ የምትቆጥራቸው መንታዎች» አለኝ፣ ዓይኑን ከስለቱ ሳያነሣ፣ «አንዱ ጨርሶ ሲጠፋ ሌላውስ?»

«አንዳንዱ ይተርፋል» አልኩት፣ «አንዳንዱ የሚይዘው ሲያጣ ወደ ጨለማ ተወርውሮ ይሄዳል።»

«ይተርፋል ግን።»

«አያ ስጦታው፣ ታርቃችኋል እኮ። ምለሃል።»

«ምን አልኩህ እኔ? ስለ ኮከብ ነው የጠየቅኩህ» አለና ፈገግ አለ። ስለቱን ለመሞከር አውራ ጣቱን አስጠጋ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ በቀስታ፣ ጫፉን ብቻ። ከዚያ ጫን አለው። ከማዶ ደርበው ማጭዱን ጥሎ እጁን ብብቱ ውስጥ ሲከት አየሁት፣ ሚስቱ ወደ እኛ ዞራ ቆመች፣ ሁለት እጆቿን አንሥታ ለልመና ዘረጋቻቸው። የስጦታው ጣት ላይ መስመር እንኳ የለም። አገላብጦ አየው፣ ማዶውን አየ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ።

«ስለቱ ገና ነው» አለኝ፣ ድንጋዩንም አነሣ።